የክፍል ዋጋና የአዳር ዋጋ፦ በጎንደር በመጠነኛ በጀት ማደር እንዴት ይታቀዳል?

ለሥራ ጉዳይ ወደ ጎንደር የሚነሣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አልጋ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ያልተሟላ ነው። በስልክም ሆነ በሪሴፕሽን የሚነገረው የክፍሉ ዋጋ እንጂ የአዳሩ ዋጋ አይደለም። የአዳር ዋጋ ማለት መንገደኛው ከተማዋ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በማደሩ ምክንያት ከኪሱ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። በዚህ ውስጥ ከኪራዩ ሌላ ታክሱ፣ ባጃጁ፣ ቁርሱ፣ ውሃውና የባከነው የሥራ ሰዓት ይገባሉ። በጥቂት ገንዘብ ለማደር ያቀደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ውድ ክፍል ይዞ ሳይሆን፣ ርካሽ ክፍል ይዞ ውድ አዳር በማደሩ ነው።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና ከመነሣት በፊት ሂሳቡን መሥራት ይጠቅማል። ለዚህም የአልጋን ዋጋ የሚወስኑትን ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የባለሆቴሉን ወጪ፣ የቀን መቁጠሪያውንና የከተማዋን አቀማመጥ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የዕለቱን ዋጋ ደውሎ መጠየቅ የመንገደኛው ፋንታ ነው።

ሳይከራይ ያደረ ክፍል

ሆቴል የሚሸጠው አልጋውን ሳይሆን የአንድ ሌሊት መጠቀሚያውን ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ዋጋው ባይመቸው ምርቱን በመጋዘን አቆይቶ የሚቀጥለውን ሳምንት ገበያ ሊጠብቅ ይችላል። የባለሆቴሉ ሸቀጥ ግን ከቲማቲም ይልቅ ቶሎ የሚበላሽ ነው። ዛሬ ሌሊት ሳይከራይ ያደረ ክፍል ነገ ሁለት ጊዜ አይከራይም።

20 ክፍሎች ያሉት አንድ ፔንሲዮን እንውሰድ። ለቤት ኪራይ ወይም ለባንክ ዕዳ፣ ለደመወዝና ለጥበቃ በወር 180,000 ብር ያወጣል እንበል። ይህ እንግዳ መጣም ቀረም የማይቀር ቋሚ ወጪ ሲሆን፣ በቀን 6,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ሌላ አንድ ክፍል ሲከራይ ለአንሶላ አጠባ፣ ለሳሙና፣ ለውሃና ለመብራት 150 ብር ይወጣል እንበል። ይህ ደግሞ ከእንግዳው ቁጥር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተለዋዋጭ ወጪ ነው።

ቤቱ ከሞላ ቋሚ ወጪው ለ20 ክፍል ስለሚካፈል እያንዳንዱ ክፍል ባለቤቱን የሚያስወጣው 450 ብር ነው። 10 ክፍል ብቻ ሲያዝ ወጪው 750 ብር፣ 5 ክፍል ብቻ ሲያዝ ደግሞ 1,350 ብር ይደርሳል። አልጋው በ700 ብር የሚከራይ ቢሆን ቤቱ በግማሽ በተያዘበት ሌሊት ባለቤቱ በእያንዳንዱ የተያዘ ክፍል ላይ 50 ብር ይከስራል ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ በቀዝቃዛ ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መጥቶ «400 ብር ልክፈል» የሚል እንግዳ መመለስ አያዋጣውም። 150 ብሩ ተለዋዋጭ ወጪውን ሸፍኖ 250 ብሩ ለቋሚ ወጪው መደጎሚያ ይተርፈዋል። ክፍሉ ባዶ ቢያድር ግን የሚያገኘው ምንም ነው። በአልጋ ዋጋ መከራከር የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የማይቻልበት ጊዜ መኖሩም ከዚሁ ይመነጫል። ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት ሦስት ወይም አራት ሌሊት እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚናገርና ገንዘቡን በአንድ ጊዜ የሚከፍል እንግዳ ቅናሽ መጠየቁ ነውር የለበትም። ለባለቤቱም ጥቅም ነው።

ሆኖም ቅናሹ ወለል አለው። ዋጋው ወደ ተለዋዋጭ ወጪው ከተጠጋ ባለቤቱ ከሆነ ቦታ መቀነሱ አይቀርም። አንሶላው ሳይቀየር ያድራል፣ ቦይለሩ ይጠፋል፣ ወይም ቁርሱ ይቀራል። ከዚያ ወለል በታች የተገኘ ቅናሽ እንግዳው ራሱ በሌላ መልክ የሚከፍለው ነው።

የቀን መቁጠሪያው

ሁለተኛው ዋጋ ወሳኝ ቀኑ ነው። በጎንደር የአልጋ ፍላጎት ጣሪያ የሚነካው በጥምቀት ነው። ታቦታቱ ጥር 10 በከተራ ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ በዓሉ ጥር 11 ይከበራል፤ በማግሥቱም የቃና ዘገሊላ በዓል ይቀጥላል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ዝናው ከአገር አልፏል። በእነዚህ ሦስትና አራት ሌሊቶች የክፍሉ ቁጥር ያው ሆኖ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው መናሩ የገበያ ሕግ ነው። ጉዳዩ ከበዓሉ ጋር ያልተያያዘ ነጋዴ ከጥር 8 እስከ ጥር 14 ባለው ጊዜ ወደ ጎንደር ባይሄድ ይመረጣል። በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ደግሞ ቀብዱን ቀደም ብሎ ልኮ፣ የከፈለበትን ደረሰኝና የተስማማበትን ዋጋ በጽሑፍ ይያዝ። ቃል ብቻ ከሆነ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ «ተይዟል» ሊባል ይችላል።

ከጥምቀት ሌላ የጥር ሠርግና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀናት አልጋ ያስወድዳሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ከመተማና ከሁመራ አቅጣጫ የሰሊጥ ምርት የሚሰበሰብበትና ገዢና ደላላ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። በአንጻሩ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይኖር፣ በክረምት ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚ ስለሚቀንስ ገበያው ይቀዘቅዛል። ቀኑን መምረጥ የሚችል ነጋዴ በእነዚህ ወቅቶች ቢጓዝ በክርክር ከሚያገኘው ቅናሽ የበለጠ ያተርፋል።

የደላላ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መናኸሪያ ላይ እንግዳ ተቀብሎ ወደ አልጋ የሚወስድ ሰው ድርሻውን ከባለሆቴሉ የሚቀበል ቢሆንም የሚከፍለው ዞሮ ዞሮ እንግዳው ነው። በጥምቀት ሰሞን ክፍል ያለበትን ቤት ማወቅ ራሱን የቻለ አገልግሎት ስለሆነ ድርሻው ያስኬዳል። በሰኔ ግን ክፍሉ ሁሉ ባዶ በሆነበት ጊዜ ለዚሁ ዕውቀት መክፈል አያስፈልግም።

የተራራ ላይ ከተማ

ሦስተኛው ቦታው ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ያደረጓት ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ የአንገረብና የቀሃ ወንዞች ግራና ቀኝ በሚያልፉበት ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። ፒያሳ በመባል የሚታወቀው የከተማዋ እምብርት ደግሞ ኢጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ እስከተሸነፉበት እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ያነጹት ነው። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያን ዘመን አሠራር ዛሬም ያሳያሉ። በፒያሳ ያደረ ሰው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ በእግሩ ይደርስበታል፤ ባንኩም ሱቁም ቅርቡ ነው። ጎሃ ሆቴል ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ግን ታች አዘዞ በኩል ሲሆን፣ ከመሐል ከተማ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

በዚህ ረገድ ጎንደር ከኢጣሊያ የኮረብታ ላይ ከተሞች ጋር ትመሳሰላለች። በሲዬና ፓሊዮ የተባለው የፈረስ እሽቅድድም በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 2 እና ነሐሴ 16 ሲካሄድ አልጋ የሚወደደው ልክ እንደ ጎንደር ጥምቀት ነው። በኦርቪዬቶ ጥንታዊው ከተማ ገደል አናት ላይ ሲሆን የባቡር ጣቢያው ከሥር ነው። ነገር ግን ከጣቢያው ወደ ላይ የሚያወጣ በገመድ የሚሳብ ባቡር በሰዓት ሰሌዳ ይመላለሳል። በዚህም የተነሣ ከሥር በርካሽ ያደረ መንገደኛ ለመውጫው የሚከፍለው ጥቂት ስለሆነ ርካሽ አልጋው ርካሽ እንደሆነ ይቀራል።

በጎንደር ግን ታችና ላዩን የሚያገናኘው ሚኒባስና ባጃጅ ነው። በቀን በሰው ቁጥር ተሳፍሮ መሄድ ይቻላል፤ ከመሸ ኮንትራት ይሆናል፤ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ በተከለከለበት ሰዓት ደግሞ በማንኛውም ዋጋ አይገኝም። ስለዚህ ከመሐል ከተማ የራቀ አልጋ ሲታሰብ የመመላለሻው ሂሳብ አብሮ መታሰብ አለበት።

አራት ሌሊት የሚያድር ነጋዴ ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል እንበል። አንደኛው ከመሐል ከተማ የራቀ፣ ቁርስ የሌለው፣ 600 ብር የሚከፈልበት አልጋ ነው። ለባጃጅ በቀን 240 ብር፣ ለቁርስ 150 ብር፣ ቧንቧው ሲደርቅ ለሚገዛ ውሃ 40 ብር ሲጨመር የአንድ አዳር ዋጋ 1,030 ብር፣ የአራቱ ደግሞ 4,120 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ፒያሳ አካባቢ ያለ፣ ቁርስን የሚጨምርና ውሃ ያለው፣ 900 ብር የሚከፈልበት ክፍል ሲሆን የአራት ሌሊት ሂሳቡ 3,600 ብር ነው። በክፍል ዋጋ 300 ብር ርካሽ የነበረው በአራት ቀን 520 ብር ውድ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ አዘዞ ወይም ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለሆነ ሰው ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ደንቡ «መሐል ከተማ እደር» ሳይሆን «ሥራህ ካለበት አጠገብ እደር» የሚል ነው።

ከመያዝ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ዋጋው ታክስን ይጨምራል ወይ? በደረጃ ከፍ ያሉ ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራሉ። ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 1,000 ብር የተባለው ክፍል መጀመሪያ 1,100፣ ቀጥሎ 1,265 ብር ይሆናል። ጭማሪው ብዙዎች እንደሚገምቱት 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ለሥራ የወጣ ወጪ በሕጋዊ ደረሰኝ ካልተረጋገጠ ግብር ሲሰላ አይያዝም። 30 በመቶ የትርፍ ግብር የሚከፍል አንድ ድርጅት ያለደረሰኝ 1,000 ብር ቢከፍል ወጪው 1,000 ብር ሆኖ ይቀራል። በደረሰኝ 1,265 ብር ከፍሎ ከታክሱ በፊት ያለው 1,100 ብር ብቻ በወጪነት ቢያዝለት እንኳን ከግብሩ 330 ብር ይቀንስለታል። ስለዚህ ትክክለኛ ወጪው 935 ብር ነው። «ያለደረሰኝ ይቀነስልህ» የሚለው ግብዣ ሁልጊዜ ቅናሽ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ውሃው እንዴት ነው? የከተማዋ የውሃ ምንጭ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱና የውሃ እጥረቱ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ነው። «ውሃ አለ ወይ?» ቢባል መልሱ «አለ» ነው። የሚሻለው «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። 20 እንግዶች እያንዳንዳቸው በቀን 100 ሊትር ቢጠቀሙ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሁለት ቀን ተኩል ብቻ ይዘልቃል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሠፈር ይህ ሮቶ በቂ አይደለም።

አራተኛ፣ ሻወሩ የጋራ ነው የራስ? ሙቅ ውሃው መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ክፍሉን በስንት ሰዓት ማስረከብ ያስፈልጋል? በረራው ከሰዓት በኋላ የሆነ እንግዳ ክፍሉን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አስረክቦ ሻንጣውን በአደራ የሚያስቀምጥበት ቤት ካገኘ የአንድ ቀን ተጨማሪ ኪራይ ያተርፋል።

አምስተኛ፣ ከውጭ አገር እንግዳ ወይም ሸሪክ ጋር የሚጓዝ ነጋዴ ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ዋጋ የተለየ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተነገረ ዋጋ በብር ሲመነዘር ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ይለያያል። ባለፈው ጉዞ የተከፈለውን ብር ለዛሬ በጀት መነሻ ማድረግ አያስተማምንም።

ወደ ደጋው ለሚዘልቅ

የጎንደር ጉዞ ለብዙዎች በጎንደር አያበቃም። ለቢራና ለብቅል ፋብሪካ የሚሆን ገብስ የሚሰበስበውም፣ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኘውም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደባርቅ ይወጣል። የፓርኩ መግቢያ ምዝገባ የሚከናወነው በዚህችው የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሲሆን፣ ከመግቢያው ሌላ የአስጎብኚና የጥበቃ ክፍያ ስላለ በጀቱ ላይ መያዝ አለበት።

በደባርቅ አልጋ ከጎንደር ይረክሳል፤ ቅዝቃዜው ግን ይከብዳል። በዚህ ደጋ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ተጨማሪ ብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ ነው። ሌሊቱን በብርድ ሳይተኛ ያደረ ገዢ ጠዋት በገበያ ላይ የሚሠራው ስህተት ከቆጠበው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። ዕቃው ብዙ የሆነ መንገደኛ ጎንደር ያለውን ክፍል ሳይለቅ ለደባርቅም ሁለተኛ ኪራይ እንዳይከፍል፣ ዕቃውን ጎንደር በአደራ አስቀምጦ ክፍሉን ቢለቅ ይሻለዋል።

የመንገዱ ሂሳብ

ከአዲስ አበባ ጎንደር በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ቲኬቱን ከአውሮፕላኑ ሲያወዳድር በመንገድ ላይ የሚያድርበትን አልጋና የሚበላውን፣ እንዲሁም ሱቁ ተዘግቶ የዋለበትን ቀን ይደምር። አውሮፕላኑ ግን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጃል።

ጸጥታውም የሂሳቡ አካል ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት መንገዶች የተዘጉባቸው፣ ኢንተርኔትም ለወራት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከመነሣት በፊት መንገዱን ከሚመላለሱ ሾፌሮችና ከሚያርፍበት ቤት መጠየቅ፣ ከታቀደው በላይ የሁለት ሌሊት መጠባበቂያ መያዝ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ የስልክ ክፍያ ስለማይሠራ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ ይገባል። አራት ሌሊት ያቀደ ሰው የስድስት ሌሊት ገንዘብ ይዞ ይነሣ። ሳይነካ ቢመለስ ትርፍ ነው፤ በመንገድ መዘጋት መካከል ገንዘብ ያለቀበት ሰው ግን ለመደራደር አቅም የለውም።

በሆቴል ለሚያስብ ባለሀብት

ከላይ የታየው ሂሳብ ለእንግዳው ብቻ አይደለም። «በጥምቀት ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው፤ ሆቴል ያዋጣል» ብሎ የሚነሣ ባለሀብት ቀደም ሲል የጠቀስነውን ባለ 20 ክፍል ፔንሲዮን ያስታውስ። በሦስቱ የጥምቀት ሌሊቶች ሁሉም ክፍሎች በ700 ፈንታ በ2,100 ብር ቢከራዩ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚገኘው ጭማሪ 1,400 ብር፣ በጠቅላላው 84,000 ብር ነው። የቤቱ የቀን ቋሚ ወጪ 6,000 ብር ስለሆነ ይህ ሁሉ ጭማሪ የሚሸፍነው የ14 ቀን ወጪ ብቻ ነው። የቀሩት ከ350 በላይ ቀናት በሌላ እንግዳ መሸፈን አለባቸው።

ያ ሌላ እንግዳ ማነው? በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎም የክልሉ ግጭት የውጭ ጎብኚውን አርቀውታል። በእነዚህ ዓመታት በጎብኚ ዶላር ላይ ብቻ ተመሥርቶ የተበደረ ባለሆቴል ዕዳው ሲከብደው፣ አነስተኛው አልጋ ቤት መንቀሳቀሱን ያላቆመው በአገር ውስጥ እንግዳ ነው። ይኸውም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣው አስታማሚ፣ ልጁን የሚጎበኝ ወላጅ፣ በውሎ አበል የሚንቀሳቀስ የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴው ነው። እነዚህ ደንበኞች የሚፈልጉት ንጹሕ አንሶላ፣ የማይደርቅ ቧንቧ፣ ደረሰኝና በስልክ ከተነገረው የማይለይ ዋጋ ነው። ለጌጥ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለተጨማሪ ሮቶና ለቦይለር ቢውል የዓመቱን ባዶ ክፍል ይቀንሳል።

ለመንገደኛውም ቢሆን የመጨረሻው ምክር ከዚህ የራቀ አይደለም። ስልኩን ሲያነሣ «አልጋ ስንት ነው?» ብሎ አያቁም። «ከነታክሱ፣ ከነቁርሱ፣ በዚህ ቀን፣ ለዚህን ያህል ሌሊት፣ በደረሰኝ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የመመላለሻውንና የመጠባበቂያውን ገንዘብ ደምሮ ለሌሊቱ ቁጥር ያካፍል። የሚያገኘው ቁጥር የአዳሩ ዋጋ ነው፤ ሁለት ቤቶችን ማወዳደር ያለበትም በዚሁ ቁጥር ነው።